ትዕዛዝ ሳላጣ ደመወዝ መክፈያ ለምን አጣሁ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ሰፊዎች ይዤ የተማሪዎች የደንብ ልብስ አሰፋለሁ። ከአንድ የግል ትምህርት ቤት 600 ልብስ በ1,400 ብር ሒሳብ፣ ማለትም ከታክስ በፊት የ840,000 ብር ትዕዛዝ ተቀብዬ፣ ሰኔ 10 ቀን ጨርቅና ቁልፍ በ480,000 ብር፣ ታክሱን ሳይጨምር፣ በዱቤ ሳይሆን ወዲያው ከፍዬ ገዛሁ። ከገንዘቡ ከፊሉ የደረሰኝ የእቁብ ዕጣ ነበር። ለሁለት ወር ደመወዝ 180,000፣ ለኪራይ 50,000 ብር ወጣ፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ 130,000 ብር አትርፌአለሁ። ልብሱን ነሐሴ 25 ቀን ደረሰኝ ቆርጬ አስረክቤአለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ግን የሚከፍለው ጥቅምት 30 ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሰፊዎቹ ማሽኖቻቸውን ሸፍነው ደመወዛቸውን ሲጠብቁ፣ መሳቢያዬ ውስጥ የነበረው ለአራቱ እንኳ አልበቃም። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?

መልስ 1፦
በሒሳብ ሙያ የምሠራ ነኝ። ትርፍዎ እውነተኛ ነው፤ ያለው ግን በትምህርት ቤቱ እጅ ነው። ለጨርቁ ከከፈሉበት ቀን አንሥቶ ገንዘቡ እስኪመለስ ጳጉሜን ጨምሮ 145 ቀን ይቆያል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ሥራው የሚንቀሳቀሰው በእርስዎ ኪስ ነው። ከዚህም የሚከብደው ተጨማሪ እሴት ታክሱ ነው። ደረሰኙ ነሐሴ ላይ ስለተቆረጠ፣ ገንዘቡ ቢገባም ባይገባም፣ 15 በመቶው ማለትም 126,000 ብር በነሐሴ ሽያጭዎ ይያዛል። ጨርቁን በሕጋዊ ደረሰኝ ገዝተው ከሆነ በግዢው ላይ የከፈሉት 72,000 ብር ይቀነስልዎታል፤ ቀሪውን 54,000 ብር እስከ መስከረም መጨረሻ ማስገባት ይኖርብዎታል። ያለ ደረሰኝ በርካሽ ገዝተው ከሆነ ግን የሚቀነስ ነገር የለም። እባክዎ ዛሬውኑ በአንድ ደብተር ላይ እስከ ኅዳር ያለውን እያንዳንዱን ሳምንት አስምረው፣ በየሳምንቱ የሚገባውንና የሚወጣውን ይጻፉበት። የሚገባውን ሲጽፉ ቃል የተገባበትን ቀን ሳይሆን ያ ደንበኛ ከዚህ በፊት በእርግጥ የከፈለበትን ልማድ ይያዙ።

መልስ 2፦
እኔም በልብስ ስፌት ሥራ ላይ ነኝ። እቁቡን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ዕጣው ወለድ ስለሌለው ቀላል ይመስላል፤ ከወጣልን በኋላ ግን በየሳምንቱ የሚከፈል ዕዳ ነው፣ ደንበኛችን ዘገየ ብሎ ሰብሳቢው አይጠብቀንም። እኔ ዕጣዬን ለማሽን እንጂ አምስት ወር ለሚታሰር ጨርቅ አላውለውም። በውሉ ላይ ደግሞ 40 በመቶ ቀብድ፣ ማለትም በእርስዎ ትዕዛዝ 336,000 ብር፣ ያስገቡበት፤ ለቀብዱ ደረሰኝ ሲቆረጥ ታክሱም አብሮ እንደሚታሰብ አይዘንጉ። ርክክቡንም በ200 በ200 ልብስ ከፍለው፣ የመጀመሪያው ሳይከፈል ሁለተኛው እንዳይወጣ ያድርጉ። ጨርቁንም በዚያው ልክ እየከፋፈሉ ይግዙ።

መልስ 3፦
በቀብዱ እስማማለሁ፤ ጨርቅ በመከፋፈሉ ግን አልስማማም። መርካቶ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሚመጣ ጨርቅ ላይ የዛሬን ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ጠብቄ ለማንም ቃል አልገባም። በዚያ ላይ በሁለተኛው ዙር ያንኑ ቀለም ላያገኙ ይችላሉ፤ ሰማያዊ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ወላጆችም ልዩነቱን ያያሉ። እህቴ፣ ቀብዱን እንደተቀበሉ ጨርቁን በሙሉ ይያዙ፤ ለጎደለው ከሚያውቁዎት ነጋዴ የ30 ቀን ዱቤ ይጠይቁ። ቀኑን አክብሮ የሚከፍል ሰው ዱቤ አያጣም። ሒሳብዎ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር ግን ቼክ እንዳይሰጡ፤ ደረቅ ቼክ በወንጀል ያስጠይቃል።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ጨርቁ በደረሰኝ የተገዛ ነው፤ 54,000 ብሩን ግን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄጄ ሁኔታውን ሳስረዳ፣ የምዝገባ ክፍያ እየገባላቸው ስለሆነ 300,000 ብር በዚህ ሳምንት ሊከፍሉኝ ተስማምተዋል። ከዚያ ላይ መጀመሪያ የሰፊዎቹን ደመወዝ እከፍላለሁ፤ የታክሱንም ለብቻው በሌላ የባንክ ሒሳብ አስቀምጣለሁ።