ዓይናችሁን ስትጨፍኑ የምር የሚታያችሁ ነገር አለ?

ቡና_ያለስኳር፦
ሰላም ጓዶች፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ እንዳትስቁብኝ። እህቴ ቡና እያፈላች ስለ ድሮው ቤታችን ስናወራ "ዓይኔን ስጨፍን በሩ ራሱ ድቅን ይልብኛል" አለች፣ እኔ ደሞ ለወግ ያህል ያለችው መስሎኝ አዎ አዎ ብዬ አለፍኩ፣ በኋላ ሳጣራ ግን የምሯን ነው፣ መቀርቀሪያው፣ የተላጠው ቀለም፣ ደጅ የሚቀመጠው ጀሪካን ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያታል። እኔ ጋ ጭልም ያለ ነው!! በሩ አረንጓዴ እንደነበር አውቃለሁ፣ ግን አይታየኝም። እኔ ነኝ ችግር ያለብኝ ወይስ እሷ እያጋነነች ነው?

ሰንበሌጥ፦
ወንድሜ አልታመምክም፣ እሷም አላጋነነችም። እንዲህ በሃሳብ ምስል አለማየት አፋንታዥያ ይባላል፣ ስሙን ያወጣለት አዳም ዜማን የሚባል እንግሊዛዊ ኒውሮሎጂስት (የነርቭና የአንጎል ሐኪም) ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ.። ነገሩ ግን የቆየ ነው፣ ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በ1880 ሰዎችን የጠዋት ቁርስ ጠረጴዛችሁን አስቡት፣ ምን ያህል ጥርት ብሎ ይታያችኋል እያለ ሲጠይቅ ጭራሽ ምንም የማይታያቸው አጋጥመውታል። ከአኒሜሽን ፊልም ሰሪው ፒክሳር መስራቾች አንዱ ኤድ ካትሙል ራሱ እንዳንተ ነኝ ብሏል፣ አኒሜሽን ሲሰራ የኖረ ሰው እኮ ነው።

ተጠራጣሪው፦
በምን ይረጋገጣል ግን? ሁለታችሁም ጋ ያለው አንድ አይነት ሆኖ አንተ "አውቃለሁ" ስትለው እሷ "ይታየኛል" ብላው ቢሆንስ?

ሰንበሌጥ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። አውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች በ2022 የዓይን ብሌን ለክተው ነበር። ብዙ ሰው ደማቅ ነገር በሃሳቡ ሲስል ብቻ ልክ መብራት እንዳየ ብሌኑ ይጠባል፣ አፋንታዥያ ያለባቸው ላይ ግን ያ አልታየም፣ ደማቅ ነገር በዓይናቸው ሲያዩ ግን እንደማንኛውም ሰው ይጠባል። ብሌንህን ደሞ እንዲህ በቀላሉ አታስመስልበትም።

ቡና_ያለስኳር፦
ህልምስ? እኔ ህልም በደንብ አያለሁ፣ በከለር።

ሰንበሌጥ፦
ብዙዎቹ እንደሱ ናቸው፣ በእንቅልፍ ያያሉ፣ ነቅተው ሲፈልጉት ነው እምቢ የሚላቸው።

የመርካቶ_ልጅ፦
ይሄን አንብቤ ሚስቴን ጠየቅኳት፣ "ምንም አይታየኝም፣ ለሰው ይታያል እንዴ?" አለችኝ 😂 ሶፋውን መስኮቱ ጋ ብናደርገው እስቲ አስቢው እያልኩ ስጨቀጭቃት ነው እኮ የኖርኩት፣ እሷ ደሞ ሁልጊዜ "ገፍተህ አሳየኝ" ነው መልሷ። ቅዳሜ መግፋቴ ነው በቃ።