ማረፍ ያለብኝን ሰዓት እንዴት ልወቅ?

ጤና ይስጥልኝ። ለንደን የምኖር የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ ከ2 ዓመት በፊት ኃይለኛ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ እንቅልፍ የማያቃልለው ድካም ስላልለቀቀኝ፣ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የድካም ሕመም እንደሆነ ነግረውኛል። ቡና ቆልቼ፣ አፍልቼ ሳበቃ ደህና እመስላለሁ፤ በማግስቱ ግን ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ማንሳት ያቅተኛል።

ስለዚህ ሕመም የወጣው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሻሻል፣ በየጊዜው እየተጨመረ የሚሄድ የአካል እንቅስቃሴን እንደ ሕክምና ማዘዝ ቀርቶ አቅምን መጥኖ መኖር ተመክሯል። ቤተሰቦቼ ግን፣ ለእኔ አስበው መሆኑ ባይጠፋኝም፣ «ተነሺ፣ ተንቀሳቀሺ» ይሉኛል። በልብ ምት መቁጠሪያ ሰዓት አቅማችሁን የምትመጥኑ ካላችሁ፣ ከመውደቃችሁ በፊት የትኛውን ምልክት አይታችሁ እንደምታርፉና ይህንንም ለቤተሰብ እንዴት እንዳስረዳችሁ እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።