ታንኬ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መዞር ግን እምቢ አለ

ስልክ ጠጋኙ

ሰላም ጎበዞች። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

ሥራዬ ሞባይል ጥገና ነው። ፒያሳ የነበረችው ሱቄ ከፈረሰች ወዲህ አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተጋርቼ እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ በሪሞት የሚሄድ ታንክ እሠራለሁ። ሚስቴ «ይሄ ብረት ኪራይ ይከፍላል?» ትላለች። አይከፍልም።

ታንኩ የሶቪየቱ ቲ-55 ነው። መጠኑ የእውነተኛው አንድ አሥራ ስድስተኛ። ለምን ቲ-55? በ1983 ግንቦት 20 የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በራችን ላይ ያለፈው እሱ ነው፤ ስሙን ያወቅኩት ግን ብዙ ቆይቼ ነው። ገና ሳላየው መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የእናቴ ስኒዎች ረከቦቱ ላይ ሲንቀጫቀጩ እስካሁን ይሰማኛል።

ስለ ዕቃዎቹ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በነሱ እኮራለሁ። ጎማዎቹ የ50 ሚሊ ፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ናቸው። የእውነተኛው ጎማ ከጫፍ ጫፍ 81 ሳንቲም ነው፤ ለ16 ሲካፈል 5 ሳንቲም። የፍሳሽ ቱቦ ለታንክ ተብሎ የተሠራ እስኪመስል ልክ መጣ። ሰንሰለቱ ከምናለሽ ተራ የገዛሁት አሮጌ የብስክሌት ካቴና ነው። በየዓይኑ ላይ ከቢጫ ጀሪካን የቆረጥኩትን ጠፍጣፋ በቀጭን ሽቦ አስሬበታለሁ። እጄ ቆስሏል። መድፉ የሬዲዮ አንቴና ነው። ሳጥኑ በርና መስኮት ከሚሠሩ ልጆች የለመንኩት የአልሙኒየም ቁራጭ ሲሆን ወርዱ 10 ሳንቲም ነው።

ካምቢዮ ያላቸው ሁለት የ12 ቮልት ሞተሮች አሉት። ጎን ለጎን 10 ሳንቲም ውስጥ አልገባ አሉ። ስለዚህ የግራውን ፊት፣ የቀኙን ኋላ፣ ባትሪውን መሀል አደረግኩ። ሳጥኑ ሲረዝምብኝ ጎማውን በየጎኑ 6 አደረስኩት። መቆጣጠሪያው አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) እና ብሉቱዝ ነው። ሪሞቱ ደግሞ ባለቤቱ «ይቅር» ብሎ ጥሎት የሄደ ስልክ።

አሁን ችግሩ። ቀጥታ ሲሄድ አንጀት ያርሳል። ዙር ስለው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ያቃስታል፣ አርዱይኖው ጠፍቶ ይነሳል። ሁለተኛ ስሞክር የግራው ሰንሰለት ይወልቃል። ሁሌ የግራው! ለሞተሮቹ ኃይል የሚያቀብለው ሰሌዳ ኤል298ኤን ነበር፣ እሱ ራሱ ሁለት ቮልት ገደማ ስለሚበላ አውጥቼ ሁለት ቢቲኤስ7960 አስገባሁ። ያው ነው። ቀጥታ ሲሄድ አንዱ ሞተር ከ1 አምፒር በታች ይስባል፤ ሲዞር 4.3።

ጠንካራ ሞተር ልግዛ? ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ቮልትና ዋት

ባትሪህ ከየት ነው? ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 18650 (ድቡልቡሉ የሊቲየም ባትሪ) ከሆነ ሞተሩን አትውቀስ። ሳይጫን 12 ቮልት ያሳይሃል፣ ሲጫን ወገቡ ይሰበራል። እየዞረ ሳለ ባትሪው ጫፍ ላይ ለካው። ለአርዱይኖው ደግሞ ለብቻው ባትሪ ስጠው።

ስልክ ጠጋኙ

አዎ፣ ከላፕቶፕ ነው፤ ሦስት በተከታታይ። ለካሁት፤ ከ12.1 ወደ 9 ወረደ። ደህና ደህናውን መርጬ ቀየርኩ፣ ለአርዱይኖውም የስልክ ባትሪ ለብቻው ሰጠሁት። አሁን አይጠፋም፣ ተባረክ። ማቃሰቱና መውለቁ ግን እንዳለ ነው።

አሮጌው ታንከኛ

ልጄ፣ ባትሪውን ተወውና ሁለት ነገር ለካልኝ። ሰንሰለቱ መሬት የሚነካው ርዝመት ስንት ነው? ከግራው ሰንሰለት መሀል እስከ ቀኙ ሰንሰለት መሀልስ?

ስልክ ጠጋኙ

31 ሳንቲም እና 13 ተኩል፣ ጋሼ።

አሮጌው ታንከኛ

ጠርጥሬ ነበር። ይሄ ታንክ ሳይሆን አዞ ነው።

እኔ ቲ-55 ዓመታት ነድቻለሁ። አንተ ባየኸው ቀን ውስጡ አልነበርኩም፤ እሱን እንተወው። የእውነተኛው ሰንሰለት መሬት የሚነካው 3.84 ሜትር ነው፤ ከመሀል እስከ መሀል 2.64 ሜትር። ባንተ ልክ 24 ሳንቲምና 16 ተኩል ማለት ነው። ታንክ ሲዞር ሰንሰለቱን ወደ ጎን እየጎተተ፣ መሬቱን እየጠረገ ነው የሚዞረው። እንደ መኪና ጎማውን አያጣምምም። ረጅምና ጠባብ ካደረግከው የሚጠረገው ይበዛል፣ የሚጠመዝዘው እጅ ግን ያጥራል። ጠንካራ ሞተር ብትገዛ ሰንሰለቱን ቶሎ ታወልቅበታለህ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ስድስት ጎማ ደግሞ ከየት አመጣህ? አምስት ነው! በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሀል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፤ ከሩቅ የምንለየው በዚያ ነው። ይህን ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

የግራው ለምን ይወልቃል ላልከው፣ የግራውን ከፊት ስለምትነዳው ነው። በቲ-55 ሰንሰለቱን የሚነዳው ጥርሳሙ ጎማ ከኋላ ነው። ወደፊት ስትሄድ ሰንሰለቱን ከመሬት በኩል ይስበዋል፤ ታችኛው ይወጠራል፣ የላላው ወደ ላይ ይሄዳል። ላይ ደግሞ የሚሸከም ትንንሽ ጎማ ስለሌለ የላላው ሰንሰለት ትልልቆቹ ጎማዎች ጀርባ ላይ ይተኛል። ምንም አይሆንም። ያንተ የግራው ግን ከላይ ይወጠርና የላላው ከጥርሱ ሥር ከመጀመሪያው ጎማ ፊት ይከማቻል። ቦታው ላይ ወደ ቀኝ ስታሽከረክረው ግራው ወደፊት ነው የሚሄደው፣ በኃይል ወደ ጎን የሚጠረገው ደግሞ አፍንጫው ነው። እዚያ የላላ ሰንሰለት ከተገኘ መውለቁ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዱን ሰንሰለት ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ እያደረጉ ቦታ ላይ መሽከርከር ቲ-55 አይችልም። ነጂው ሁለት ዘንግ ነው ያለው። ግራውን ትንሽ ስትስበው የግራው ሰንሰለት ይቀንሳል፤ እስከ መጨረሻው ስትስበው በፍሬን ይያዛል፣ ታንኩም በሱ ላይ ይዞራል። ያንተም ፕሮግራም እንደዚያ ይሁን። መጫወቻ ነው ካልክም ያምራል።

የአምስት ኪሎ ተማሪ

የጋሼን ነገር በቁጥር ላስቀምጠው። መሬት የሚነካውን ርዝመት ከሰንሰለት መሀል እስከ ሰንሰለት መሀል ላለው ወርድ አካፍለው። ያንተ 2.3 ነው፣ የእውነተኛው 1.45። ሌላው ነገር ሳይቀየር ለመዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ከዚህ ቁጥር ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ልኩን ብትጠብቅ ከሲሶ በላይ ይቀልልሃል። ጀሪካኑንም በጎማ እንዳትቀይረው! ፕላስቲክ ስለሚንሸራተት ነው እስካሁን የረዳህ።

ክብደቱ ስንት ነው? እውነተኛው 36 ቶን ነው። ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም ስለሚያንስ ለ16 ሦስት ጊዜ ስናካፍለው 8.8 ኪሎ ይመጣል፤ እዚያ ለመድረስ አትልፋ።

ስልክ ጠጋኙ

4.2 ኪሎ ነው። ሳጥኑን አፈረስኩት። ያማል፤ ግን አፈረስኩት።

ስልክ ጠጋኙ (ከ12 ቀን በኋላ)

ጎበዞች፣ ዞረ!

ሳጥኑ አሁን 13 ሳንቲም ወርድ አለው። ሁለቱም ሞተሮች ከኋላ ጎን ለጎን ገቡ፤ ለካ መጀመሪያውኑ የጠበበው ሳጥኑ እንጂ ሞተሩ አልነበረም የወፈረው። ጎማው አምስት ነው፤ ክፍተቱንም በቦታው አድርጌዋለሁ፣ ጋሼ ቡናዎን ያሙቁት። ከፊት ያለውን ባዶ ጎማ በቡሎን ወደፊት የሚሳብ አደረግኩት፤ ሰንሰለቱ ሲላላ በካቻቢቴ ሁለት ዙር ብቻ ነው። ስልኩ ላይም ሁለት ዘንግ ሣልኩ። ትንሽ ስስበው ያ ጎን ይቀንሳል፣ እስከ ታች ስስበው ይቆማል። ለማወዳደር ብዬ ያንኑ ቦታ ላይ መሽከርከር ሞከርኩት፤ 4.3 የነበረው 2.7 ሆኗል። ሞተሮቹ ያው የድሮዎቹ ናቸው።

ቅዳሜ ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ግማሽ ሰዓት ነዳሁት፣ አንዴም አልወለቀም። ከዚያ ጠግቤ ኮብልስቶኑ ላይ አወጣሁት። ድንጋዩ መሀል አንድ ጠፍጣፋ ጀሪካን ተቀርቅሮ ቀረ፣ ሽቦው ተበጠሰ። የሰፈሩ ልጆች ግን ደስ አላቸው። የጎረቤት ዘበኛ መድፉን ትኩር ብሎ አየና «ይሄ ነገር ወደኔ አይዙር» አለኝ። ደግነቱ ጭንቅላቱ ገና አይዞርም፣ ሰርቮ (በልክ የሚዞር ትንሽ ሞተር) እየፈለግኩለት ነው።

አሁን የቀረኝ ድምፅ ነው። ትንሽ ስፒከር ከታብሌት አውጥቻለሁ።

አሮጌው ታንከኛ

ጎሽ! ድምፁን ግን አደራ፣ የማንንም የጭነት መኪና ቀድተህ እንዳታስገባ። ባለ 12 ሲሊንደር ናፍጣ፣ 580 የፈረስ ጉልበት ነው። መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ይጎረብጣል፣ ሲረጋ ደግሞ ሆድህ ውስጥ ነው የምትሰማው። በጽሑፍ አይገባህም።

ስልክ ጠጋኙ

እንግዲያው እሁድ ከሰዓት አራት ኪሎ ይምጡ፣ ጋሼ። ቡና አለ። በአፍዎ ያሰሙኝና እቀዳዋለሁ።