የቀለጠ ሶዲየም ቪስኮሲቲ በ250 ዲግሪ ስንት ነው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ለተማሪዎች የምሰጠው መልመጃ ላይ የፈሳሽ ሶዲየም ቪስኮሲቲ (ለመፍሰስ ያለው እምቢታ፣ ውፍረቱ) በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.68፣ በ400 ዲግሪ ደግሞ 0.28 ሚሊፓስካል ሰከንድ ነው ይልና የ250ውን ፈልጉ ይላል። 250 እኩል መሃል ላይ ስለሆነ አማካዩ 0.48 ይመጣል፤ የመልስ ወረቀቱ ግን 0.38 ነው የሚለው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሌላው፣ ቤተ ሙከራችን ነጭ ጋዝ ውስጥ የተቀመጠ ሶዲየም አለ። ከነጋዙ የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጬ ባቀልጠውስ?

መልስ፦ ከደብረ ሲና

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እባክሽ እህቴ፣ አይሞከርም። ሶዲየም የሚቀልጠው 98 ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነች ውሃው 91 ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሸዋ ሮቢት ቢወርዱ እንኳ ከ96 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በፈላ ውሃ አይቀልጥም። ውሃውን ትቶ በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ ደግሞ የባሰ ነው፤ የነጭ ጋዝ ትነት ከ40 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነበልባል ካገኘ ይያያዛል። ብርጭቆው ተሰንጥቆ ሶዲየሙ ውሃው ውስጥ ከገባ ሃይድሮጅን ይወጣና ይፈነዳል። ሶዲየም ከተቀጣጠለ ውሃም፣ አረፋም፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይሆንም፤ በደንብ የደረቀ አሸዋ ወይም ደረቅ ጨው ነው የሚደፋበት።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

የመልስ ወረቀቱ ልክ ነው። ቪስኮሲቲ ከሙቀት ጋር በቀጥታ መስመር አይወርድም፤ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይወርድና እየቆየ ይለዝባል። ቀጥ የሚለው የቪስኮሲቲው የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ከ1 ሲካፈል ለኬልቪን ጋር ሲነደፍ ነው።

ሙቀቶቹን ወደ ኬልቪን ቀይሪ፦ 373፣ 523፣ 673። አንድን ለእያንዳንዳቸው ስታካፍዪ 0.002681፣ 0.001912 እና 0.001486 ታገኛለሽ። የ250 ዲግሪው ነጥብ ከ400ው ተነስቶ ወደ 100ው ከሚወስደው መንገድ ግማሹ ላይ ሳይሆን 0.357ኛው ላይ ነው ያለው። 0.68 ለ0.28 ሲካፈል 2.43፣ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ 0.887። ይህን በ0.357 ብታባዢ 0.317፤ ከሎጋሪዝም ስትመልሺው 1.37። በ0.28 ሲባዛ 0.38 ይሰጣል።

ተማሪ ሁሌ የሚሳሳትበት ቦታ አለ፦ በሴልሺየስ ያካፍላል። ያን ጊዜ 0.33 ይመጣል። ወረቀት ላይ 0.33 ካየሽ ስህተቱ ያው እሱ ነው፤ 0.48 ካየሽ አማካይ ተወስዷል። ያንኑ መስመር ዝንባሌ፣ 743 ኬልቪን ገደማ፣ በ8.314 ብታባዢው የፍሰቱ አክቲቬሽን ኢነርጂ (አቶሞቹ ተንሸራተው ለመተላለፍ የሚያስፈልጋቸው ጉልበት) 6.2 ኪሎጁል በሞል ይሆናል። ለውሃ በ20 እና በ90 ዲግሪ መካከል በዚሁ መንገድ ቢሰላ ወደ 15 ይጠጋል። የሶዲየም አቶሞች እንደ ውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ቦንድ አልተያያዙም፤ ስለዚህ ለመንሸራተት ትንሽ ጉልበት ይበቃቸዋል።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

ከላይ ባለው ላይ ልጨምር። ሲሞቅ አቶሞቹ የበለጠ ስለሚጋጩ ቪስኮሲቲው መጨመር የለበትም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። ያ የጋዝ ጠባይ ነው። ፈሳሽ ውስጥ አቶሙ በጎረቤቶቹ ተከብቦ ነው ያለው፤ ሙቀት ከዚያ ከበባ ማምለጫ ይሰጠዋል። ሶዲየም 400 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ባሕር ወለል ላይ እንደሚፈላ ውሃ ይቀጥናል፤ የሁለቱም 0.28 ነው።

ትክክለኛው ልኬት የሚሠራው በታሸገ የብረት ኩባያ ነው፤ ኩባያው አርጎን (ከሶዲየም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ) ውስጥ በሽቦ ተንጠልጥሎ እንዲወዛወዝ ይደረግና ውዝዋዜው የሚረግብበት ፍጥነት ይለካል። በቀጭን ቱቦ ከተለካ ግን ኦክሳይድ (ሶዲየም ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው) ያስቸግራል። ሶዲየሙ ሲቀዘቅዝ የሟሟው ኦክሳይድ ጠጣር ሆኖ ይወጣና ቱቦውን ያጠብባል፤ ያኔ ፍሰቱ ይዘገይና ቪስኮሲቲው የጨመረ ይመስላል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ በምን ላሳያቸው?

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

በግሊሰሪን። ፋርማሲ ይሸጣል። የ100 ሚሊሊትር ሲሊንደር ሙሊና ከላይ 4 ሳንቲሜትር፣ ከታች 3 ሳንቲሜትር ትተሽ ሁለት መስመር አስምሪ። ከብስክሌት ኩሽኔታ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የብረት ኳስ አውጪ፤ ቅባቱን በሳሙና አጥበሽ አድርቂውና መጀመሪያ ግሊሰሪን ውስጥ ንከሪው። ደረቁን ከጣልሽው የአየር አረፋ ይለጠፍበትና ይዘገያል። እኩል መሃል ላይ ልቀቂው፤ ወደ ግድግዳው ከተጠጋ ጊዜው ይረዝማል። ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ያለውን በስልክ ሰዓት ያዢ።

ከዚያ ሲሊንደሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጪ፤ እያማሰልሽ ሩብ ሰዓት ጠብቂና ቴርሞሜትሩን አንብቢ። ንጹህ ግሊሰሪን በ20 ዲግሪ 1.4፣ በ30 ዲግሪ 0.6፣ በ40 ዲግሪ 0.28 ፓስካል ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ከ20 ወደ 40 ሲሄድ የኳሱ ጊዜ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ከ40 በላይ አትሂጂ፤ ኳሱ ስለሚፈጥን የመውደቂያው ጊዜ ከቪስኮሲቲው ጋር በእኩል መጠን ይቀንሳል የሚለው ቀላሉ ቀመር አይሠራም። የጊዜውን ሎጋሪዝም ከ1 ሲካፈል ለኬልቪን ጋር ይንደፉት። የግሊሰሪኑ መስመር በትንሹ ይጎብጣል፣ ያ የልኬት ስህተት አይደለም። ኳሱን ለማውጣት ማግኔት ከውጭ አስጠግተሽ ወደ ላይ መጎተት ነው።

መልስ፦ ከደብረ ሲና

ጠርሙሱን ሳትከድኚ አታሳድሪው። ግሊሰሪን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በማግስቱ ቀጥኖ ይገኝና የትናንቱና የዛሬው ቁጥር አይገጥምም።