ጥቆማ፦ ለአሮጌ ዶልፊን የእግር ዕቃ፣ አዳማ ላይ ምን ይገዛ፣ የት ይሠራ?

ጥያቄ
መኪናው ዶልፊን ሃይኤስ (የቶዮታ ሚኒባስ) ነው፤ ፊቱ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ)፣ ኋላው ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል)። ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ከፊት ግራ ያንኳኳል፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይደፋል፣ የፊት ጎማ ከውስጥ በኩል ይበላል። መካኒኩ «ሁሉም ይቀየር» ብሏል። ዕቃውን እዚሁ ልግዛ ወይስ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያ) ልውጣ? የትኛውስ ጋራዥ ይሻላል?

መልስ 1
መኪናው በክሪክ ሳይነሳ «ሁሉም ይቀየር» ከተባለ ገንዘብህን ያዝ፤ መጀመሪያ ይፈተሽ። ቶርሽን ባሩ የታችኛውን አርም (ጎማውን ከሻንሲው፣ ማለትም ከመኪናው አጽም፣ ጋር የሚያያዝ ክንድ) የሚይዝ ከሆነ ክሪኩ ከታችኛው አርም ሥር፣ ለጎማው ተጠግቶ ይግባ። ሻንሲው ላይ ከተነሳ አርሙ እንደተወጠረ ስለሚቀር ያለቀ ቦል ጆይንት (በአርሙ ጫፍ ያለ ባለኳስ መገጣጠሚያ) እንኳ ደህና መስሎ ያልፋል። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፦ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታ (የጎማው ቤሪንግ)፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንት። በግራና በቀኝ ተይዞ የሚጫወት ከሆነ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ ጫፍ) ነው። የአርም ጎሚኒ (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ) ግን በእጅ አይታወቅም፤ በረጅም ብረት ፈልቀቅ አድርገህ እየው።

አፍንጫ መድፋቱ ሾክ አብዞርበር ነው፣ በተለይ ዘይት ካላበው። ከውስጥ የሚበላው ጎማ ወይ የአርም ጎሚኒ አልቋል ወይ የፊቱ ከፍታ ወርዷል ይልሃል። ማንኳኳቱ አንዳንዴ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ፣ የስታብላይዘር ሊንክ (መኪናው ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ ማያያዣ)፣ ሆኖ ይገኛል።

መልስ 2
ዕቃን በተመለከተ፦ ቦል ጆይንትና ቴስቲኒ ላይ አትቆጥብ። የታችኛው ቦል ጆይንት በጉዞ ላይ ከወለቀ ጎማው ይታጠፋል፣ መሪም አይሰማም። ከቶዮታ ኦሪጅናል ቀጥሎ የጃፓኑ 555 ብራንድ ጥሩ ነው፤ በስሙ የተጠቀለለ ኮፒ ስላለ ግን ካርቶኑን አትመን። ኳሱን በእጅህ አዙረው፤ ደህናው ጠንከር ብሎ፣ ሳይቆራረጥ ይዞራል። እንደ ልብ የሚወዛወዘውን እዚያው መልስለት። ያገለገለ አርም ካልተጣመመ ይገዛል፣ ያገለገለ ቦል ጆይንት ግን በነፃም አይወሰድ።

ሾክ የካያባ ብራንድ ይበቃሃል፣ ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር። ላስቲክ ነገር፣ ማለትም የስታብላይዘርና የባሌስትራ ጎሚኒ፣ አዳማ ግዛ። ለቦል ጆይንት ሶማሌ ተራ ምርጫው ይሰፋል፤ ብቻ የተሳሳተ ዕቃ ለመመለስ በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደገና መውጣት ስላለ አሮጌውን ፈትተህ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ይዘህ ሂድ።

መልስ 3
ጋራዡን በሥራው ዓይነት ለይ። ሾክ፣ ሊንክና ቴስቲኒ የመንገድ ዳር ጋራዥም ይሠራዋል፣ የእጅ ዋጋውም ይቀላል። የአርም ጎሚኒ ግን ፕሬስ (ዕቃ ገፍቶ የሚያስገባ ማሽን) ያለው ቶርኖ ቤት ይሂድ። በመዶሻ የገባ ጎሚኒ ቆርቆሮው ይጣመማል፣ ላስቲኩም ከብረቱ ይላቀቃል።

ቶርሽን ባር የሚነካ ሰው ሳይፈታ በፊት ሦስት ነገር ማድረጉን ቆመህ እይ፦ ባሩና መያዣው ላይ ምልክት ማድረግ፣ የማስተካከያ ቡሎኑ ስንት ሚሊ እንደወጣ መለካት፣ ግራና ቀኙን አለማቀያየር። ውጥረቱ ሳይለቀቅ አርም የሚፈታ ካለ ከአጠገቡ ዞር በል።

ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው መጨረሻ ላይ ነው። የአርም ቡሎኖች መኪናው ተንጠልጥሎ እያለ ጠብቀው ከታሰሩ ጎሚኒው በዚያ አቋም ይያዛል፤ መኪናው መሬት ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ «ጎሚኒው ኮፒ ነበር» ይባላል። ቡሎኖቹ ላላ ብለው ይታሰሩና መኪናው በጎማው ቆሞ ትንሽ ከተነቀነቀ በኋላ ይጠበቅ። የቦል ጆይንቱ ዳዶ ከኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚገባ ሽቦ) ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ወደፊት ይጠበቃል እንጂ ወደኋላ አይላላም። ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን።

መልስ 4
ኋላውን ረሳችሁት። ሻክሉ (የባሌስትራው ጫፍ የሚንጠለጠልበት ማያያዣ) በአንድ ጎን 4፣ በሁለቱም 8 ጎሚኒ ይወስዳል። ፒኑ ተበልቶ ከሆነ ጎሚኒ ብቻ መቀየር ለጥቂት ሳምንት ነው። የባሌስትራውን ቅጠሎች የሚያስረው መሃል ቡሎን ከተቆረጠ አክሱሉ ስለሚንሸራተት መኪናው ወደ ጎን ዞሮ ይሄዳል፤ ከኋላ ሆነህ ስታየው ይታወቃል። ዩ ቡሎን (ባሌስትራውን ከአክሱሉ ጋር የሚያስረው) የተፈታ አይመለስ፣ አዲስ ይግባ፤ በመስቀል እየተቀያየረ ይታሰርና ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቅ። ለጭነት ተብሎ ተጨማሪ ቅጠል የሚያስገቡ አሉ፤ ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፣ ኋላው ከፍ ስለሚል የፊት መብራቱም መሬት ያያል።

ጠያቂው
የፖሊዩሬቴን ጎሚኒስ?

መልስ 3
ለስታብላይዘር እሺ። ለአርም አልመክርም፤ ይቆያል፣ ግን የኮብልስቶኑን ንዝረት እንዳለ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ በሲሊኮን ግሪስ ካልተቀባም ይጮሃል።

መልስ 1
አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ከሁሉም በኋላ ነው። መጀመሪያ የፊቱ ከፍታ ግራና ቀኝ እኩል ይስተካከል፣ የጎማ ንፋስ ይሞላ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ ይውጣ። ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት የሚያሳይ ወረቀት አትመው ይስጡህ። ከዚያ በኋላ ፍጥነት መንገዱ ላይ ብቻ መሪው ከተንቀጠቀጠ ችግሩ የጎማ ባላንስ ነው፤ እግሩን እንደገና አታስፈታ።