ጥቆማ፦ ፕሌይስቴሽን 6ን ልጠብቅ ወይስ ያለውን ልግዛ?

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ብር ሲያጠራቅም ቆይቶ ባለፈው ሳምንት "ጋሼ፣ ተውኩት" አለኝ። ምነው ስለው ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ ከፈተልኝ። ሰውዬው ፕሌይስቴሽን 6 ቺፑ እንዲህ ነው፣ ራሙ ይህን ያህል ነው፣ ጉልበቱ ካሁኑ በብዙ እጥፍ ይበልጣል እያለ ይምላል። "ታዲያ አሁን 5ን ብገዛ ሞኝ መሆን አይደለም?" ከሱ ሌላ ሦስት አራት ሰው ይህንኑ ጠይቆኛልና እዚሁ ላይ ልገላገለው።

መጀመሪያ ከሠሪው ከሶኒ አፍ የወጣውን እንያዝ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የፕሌይስቴሽን 5ን ንድፍ የመራው ማርክ ሰርኒ ከቺፕ ሠሪው ኤኤምዲ ከመጣው ጃክ ሁዊን ጋር ቀርቦ ሦስት ነገር አሳየ። አንዱ በኤአይ ምስል የሚያጠሩት የቺፑ ክፍሎች ተባብረው እንዲሠሩ የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው ብርሃን በጌሙ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሰላ፣ ለዚያ ብቻ የተመደበ ክፍል ነው። ሦስተኛው ወደ ሚሞሪ የሚመላለሰውን ዳታ ጨምቆ ያሳልፋል። ይሄ ሁሉ ገና በኮምፒውተር ማስመሰያ (ሲሙሌሽን) ላይ ብቻ እንዳለና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚመጣ ኮንሶል ላይ ሊያውለው እንደሚፈልግ ተናገረ። የጉልበት መለኪያ የሆነውን የቴራፍሎፕ (በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ስሌት) ቁጥር አልጠራም። ዋጋም ቀንም አልተናገረም። 2027 ነው፣ 2028 ነው የሚባለው ሹክሹክታ ነው።

ሹክሹክታውን ደግሞ ባለፈው ዙር አይተነዋል። ፒኤስ 5 ከመውጣቱ በፊት ሾልኮ የወጣ የቺፕ ሙከራ ያየ ሁሉ 9.2 ነው አለ። ሌላው 13 ነው ብሎ ተሟገተ። በማርች 2020 ሲነገር 10.28 ሆነ። የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 12 ስለነበር ሰዉ ኢንተርኔት ላይ ተሰዳደበ። ከዚያ ኮንሶሎቹ ወጡ። አንድ ጓደኛዬ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ዓይነት ጌም ከፍቶልኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሥር ተንበርክኬ ሣሩን እያየሁ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ፒኤስ 4 ላይ ጌሙ እስኪከፍት ቴሌግራም አነብ ነበር። ፒኤስ 5 ላይ ስልኬን ከኪሴ ሳላወጣ ይገባል። ይሄ የመጣው ከግራፊክሱ ሳይሆን ከኤስኤስዲው (ከፈጣኑ ማከማቻ) ነው፤ ከመውጣቱ በፊት ግን ሰዉ የሚጣላው በቴራፍሎፕ ብቻ ነበር።

የእህቴ ልጅ ቤት ያለው ቴሌቪዥን 32 ኢንች ነው፣ ፎርኬም (ከፍተኛ የምስል ጥራት ያለው) አይደለም። ፒኤስ 6 ነገ ጠዋት በነፃ ቢሰጠው ጉልበቱ የት ላይ ይታያል?

እና ምን ይገዛ? ለቤት ከሆነ የኔ ምርጫ ፒኤስ 5 ስሊም፣ ሲዲ የሚያስገባው። ሲዲ ላይ ድርቅ የምለው በምክንያት ነው። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (የሶኒ የኦንላይን አገልግሎት) የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ አካውንት የምንከፍተው የአሜሪካ ወይ የሌላ አገር ብለን ነው፣ ጌም የምንገዛውም በጊፍት ካርድ። ዲሲ ያለው አጎትህ ካርድ ቢልክልህ አካውንትህ የአሜሪካ ካልሆነ አይሠራም። ሲዲ ግን ተጫውተህ ትሸጠዋለህ፣ ከጎረቤት ጋር ትቀያየራለህ። ሙሉ ጌም በዳታ ማውረድ ደግሞ ስንት ጥቅል እንደሚበላ የሞከረው ያውቀዋል። ሲዲ ማስገቢያ የሌለውን ስሊም ገዝቼ በኋላ እጨምርለታለሁ የምትሉም ትችላላችሁ። ማስገቢያው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ጉልበተኛውን ሞዴል፣ ፒኤስ 5 ፕሮውን፣ እለፉት። 16.7 ቴራፍሎፕ ነው፣ አሪፍ ነው፣ ግን በ2024 ሲወጣ ራሱ 700 ዶላር ነበር፣ ሲዲ ማስገቢያውም ለብቻው ነው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ በዋጋ ይቀላል። ግን 4 ቴራፍሎፕና 10 ጊጋ ራም ነው፣ ሲዲ የለውም፣ ሰፈር ውስጥም የሚቀያየራችሁ አታገኙም። በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ ጌሞቹ ውድ ናቸው። ቢሆንም መብራት ሲሄድ በባትሪው መጫወት የሚቀጥለው እሱ ብቻ ነው፤ ይሄ እኛ ሰፈር ከቴራፍሎፕ ይበልጣል።

ጌም ቤት ልከፍት ነው ላለኝ ወንድማችን፦ ፒኤስ 4 ስሊም ይበቃሃል። የኳስ ጌሙ ኤፍሲ 26 እንኳ ለፒኤስ 4 ወጥቷል፣ አንተ ጋ የሚመጣው ልጅ ደግሞ ከኳስ ሌላ አይነካም። ፒኤስ 5 ጌም ላይ 200 ዋት አካባቢ ይጎትታል፣ ስሊሙ ፒኤስ 4 የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። አራት አምስቱን ስትደረድር የመብራት ሒሳቡ ላይ ይታወቅሃል። በተረፈው ብር ትርፍ ጆይስቲክ ግዛ።

የት ይገዛ? ቦሌ አካባቢ ያሉት ሱቆች አዲስና ያልተከፈተ ካርቶን ይሰጣሉ፣ ዋጋቸው ይከብዳል፣ ደረሰኝ ግን ይቆርጣሉ። መርካቶ ይረክሳል፣ ትከራከራለህ፣ ዓይንህን መግለጥ አለብህ። ቴሌግራም ላይ ከሁሉም ይረክሳል። እኔ ከአንድ ሻጭ እዚያ ላይ ዩዝድ ገዝቼ ነበር። መኪናው ውስጥ ሆነን ሳጥኑን አሳየኝ፣ ያብረቀርቃል። ቤት ወስጄ ሃያ ደቂቃ እንደተጫወትኩ ግሎ ጠፋ። ሻጩም ስልኩን አጠፋ።

ስለዚህ ዩዝድ ከሆነ ግማሽ ሰዓት የማያስጫውት ሰው ጋ አትግዙ። የራሳችሁን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲገባና ሲወጣ እዩት። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እጃችሁን አንሱ፤ ተጫዋቹ ብቻውን የሚራመድ ከሆነ አልቋል። ከስልካችሁ ኢንተርኔት ከፍታችሁ አካውንት አስገቡበት፣ ሶኒ ያገደው ኮንሶል ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ከአሜሪካ የመጣ ፒኤስ 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር ግዙ ቢሏችሁ አትስሙ፣ የሶኬት አስማሚ ይበቃል። መብራት ሲሄድ ግን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ የሚያቃጥለው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው።

ጽዳት ላይም አንድ ነገር። የፒኤስ 5 የጎን ክዳን በእጅ ይወልቃል፣ ውስጡ አቧራ የሚጠራቀምባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ በቫኪዩም ይሳባሉ። ልጠርገው ብሎ የቺፑን ማቀዝቀዣ የሚያነሳ ጥገና ቤት ካጋጠማችሁ ይዛችሁት ውጡ። እዚያ ሥር ያለው ፈሳሽ ብረት ነው፤ ከቦታው ከፈሰሰ ቦርዱን ይገድለዋል።

መጠበቅ ያለበት ፒኤስ 5 ያለው ሰው ነው። እሱም አይቸኩል። የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ራሙን እየጠረጉት ዋጋው ሰማይ ወጥቷል። ፒኤስ 5 ራሱ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በኦገስት 2025፣ አሜሪካ ውስጥ 50 ዶላር ተጨመረበት። ድሮ ኮንሶል ሲያረጅ ይረክስ ነበር። የሚቀጥለው ርካሽ ሆኖ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፣ በዶላሩ ላይ የኛ ምንዛሪ ሲጨመርማ ተዉት። ሰዉ ሁሉ የሚጠብቀው ጌም፣ ጂቲኤ 6ም፣ የታወጀው ለፒኤስ 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ "ቴሌቪዥኑስ?" አለኝ። እሱን ከእናትህ ጋር ተነጋገር አልኩት። ቅዳሜ መርካቶ እንወርዳለን። ለመሞከሪያ ከጓደኛው አንድ ሲዲ ተውሷል።