ክርክር፦ ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ስልክ ይሻላል ወይስ ደወል?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ላይ ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በቀሃና በአንገረብ ወንዞች ዳርቻ ለሚኖረው ሰው ማስጠንቀቂያ በምን ይድረሰው? በስልክ መልእክት ወይስ በደወልና በድምፅ ማጉያ? «ሁለቱም» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ያለችው ጥቂት ገንዘብ መጀመሪያ የት ትዋል?

የአንገረብ ልጅ፦ ስልክ ላይ። ደወል «ተነሱ» ከማለት ሌላ ምን ይናገራል? የትኛው ወንዝ ሞላ፣ በየት በኩል ይወጣል፣ የትኛው ድልድይ አያሻግርም የሚለውን የሚነግርህ ጽሑፍ ነው። ተራውን ኤስኤምኤስ ማለቴ አይደለም። እሱ ለየቁጥሩ ተራ በተራ ስለሚላክ ኔትወርክ ሲጨናነቅ የሌሊቱ ጠዋት ይገባል። ሴል ብሮድካስት ግን ቁጥር አይጠይቅም፤ በአንድ አንቴና ሥር ላለ ስልክ ሁሉ በአንዴ ይደርሳል።

ሃይድሮ፦ ወንድሜ፣ መልእክቱ ምን ይዞ ነው የሚሄደው? የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ በዞን ደረጃ ነው። «ማዕከላዊ ጎንደር ላይ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ይልሃል እንጂ ቀሃ ማታ በሦስት ሰዓት ይሞላል አይልህም፤ ሊልህም አይችልም። ወንዞቻችን አጫጭር ናቸው፣ ከቁልቁለት ነው የሚወርዱት። ላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ከተማው ፀሐይ እንደሆነ ውሃው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ለመለኪያ ይዋል።

ሥራው ቀላል ነው። የድልድዩ እግር ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በዘይት ቀለም መስመር ይሰመራል። መነሻው ግን የወንዙ ወለል መሆን የለበትም፤ ወለሉ በደለልና በድንጋይ በየክረምቱ ከፍ ዝቅ ይላል። የሚነሳው ከዝቅተኛው ቤት ደፍ ነው፤ ከደፉ 1 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢጫ፣ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ቀይ። ከከፍታው ይልቅ ፍጥነቱን እዩ፦ በ10 ደቂቃ 3 መስመር ከዋጠ ቀዩ እስኪነካ አይጠበቅም። ላይ እየዘነበ ወንዙ ድንገት ከጎደለ ደግሞ አትደሰቱ፤ ግንድና ቆሻሻ የሆነ ቦታ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፣ ሲበረግድ ባንዴ ነው የሚመጣው።

ዝናቡን ለመለካት ሃይላንድ ይበቃል፦ አናቱን ቆርጦ ገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ መክተት ነው። ቂጡ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ግን ጠጠር ጨምሮ፣ ጎኑ ቀጥ እስካለበት ድረስ ውሃ ሞልቶ እዚያ ላይ ዜሮ ማስመር ያስፈልጋል። ይህን ያልሠራ ንባቡ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። ከቆርቆሮ ጠብታና ከዛፍ ይራቅ።

ቅዳሜ ገበያ፦ በ44ቱ ታቦት ከተማ ደወል ሞልቷል፣ ምን ገንዘብ ይፈጃል የሚል ይኖራል። እኔ ግን የቤተ ክርስቲያን ደወል አይሁን ባይ ነኝ። ነሐሴ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ፍልሰታ ነው፤ ሌሊት ለሰዓታት፣ ቀን ለቅዳሴ ይደወላል። ሰው በተኛበት «ሰዓታት ነው» ብሎ ይገለበጣል። ትምህርት ቤት የሚመታውን ዓይነት የመኪና ቸርኬ ወንዙ ዳር ሰቅሎ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ እየመቱ ማቆም፣ ለጎርፍ ብቻ። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ የደረሰው ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ መሆኑን አትርሱ።

እማ አዲስ ዓለም፦ ልጆቼ፣ ቆርቆሮውን ረሳችሁት። ዝናቡ ከበረዶ ጋር ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው እንኳ አይሰማም፤ ስንኳን ቸርኬ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም መብራት ሲጠፋ ባትሪ ከሌለው ዝም ነው። የሚያዋጣው በር ማንኳኳት ነው። ለ10 ቤት ሁለት ሰው ይመደብ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲኖር። ለአንድ ቤት ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ 5 ደቂቃ ነው። የሚጀመረው ከቅርቡ ቤት ሳይሆን ከዝቅተኛው። አራስ፣ አልጋ የያዘ፣ ዓይኑ የማያይ ያለበት ቤት አስቀድሞ ይመዝገብ። ወጪው የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና የዝናብ ልብስ ነው።

የአንገረብ ልጅ፦ እማማ፣ እውነትዎን ነው። ግን አንኳኪውን ማን ይቀሰቅሰዋል? ድልድዩ ጋ የቆመው ሰው ይደውልለታል፤ መልእክት ሳይሆን ጥሪ። እንግዲህ ስልክ አልቀረም።

መንገድ ሥራ፦ ቦዩ ተደፍኖ ከሆነ ሁሉም ከንቱ ነው። ግንቦት ላይ ይጠረጋል፣ ጭቃው ግን እዚያው ዳር ይከመራል፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። በጠረጉበት ቀን ካልተጫነ እንዳልተጠረገ ነው። ቱቦው አፍ ላይ ፌስታል የሚይዝ ወንፊት የምታስገቡም ተጠንቀቁ፤ በየዝናቡ መሃል ካልጸዳ ራሱ ግድብ ይሆናል።

ለደፍ መከላከያ የማዳበሪያ ከረጢት ግማሽ ያህል ብቻ አሸዋ ይሞላ። ጢም ካለ ድርቅ ይልና በመሃል ውሃ ያሳልፋል። አፉን ወደ ታች አጥፎ፣ እንደ ብሎኬት መጋጠሚያውን አዛንፎ ደርድሮ በእግር መርገጥ ነው። በየሄደበት ወራጅ ውሃ ለመሻገር የሚደፍር ባለባጃጅም ይስማ፦ 15 ሳንቲ ሜትር የሚምዘገዘግ ውሃ ሰው ይጥላል፣ 30 ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል።

ቅዳሜ ገበያ፦ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሁለት ጊዜ በከንቱ ካስወጣችሁት ሰው በሦስተኛው በሩን አይከፍትም።

እማ አዲስ ዓለም፦ ለዚያ ነው ሁለት ቀለም የተባለው። ቢጫ ላይ ማንም አይወጣም፤ ልጅ ይለብሳል፣ ሰነድ በፌስታል ታስሮ ከፍ ይላል፣ ከብት ይፈታል። ውሃው ሳይገባ የመብራት ቆጣሪው ይጥፋ፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ግን አይነካም። ቀይ ላይ መውጣት ብቻ ነው።

ሃይድሮ፦ ለቁልቁለቱ ነዋሪ ደግሞ ሌላ አለ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን መሬት ሲንሸራተት፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡትን ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። ለመርዳት ሲገባ ሁሉም አይግባ፤ አንድ ሰው ከፍ ብሎ ከጎን ሆኖ ዳገቱን ይመልከት፣ ፊሽካው በእሱ እጅ ይሁን። የውሃ ጉድጓዱን ጎርፍ ከነካው ደግሞ የሚጠጣው ውሃ ይፈላ፤ ማገዶ ከሌለ በጨርቅ ተጠልሎ ለ20 ሊትር ጀሪካን ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና 40 ጠብታ፣ ደፍራሽ ከሆነ 80፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ።